ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኔ ደኅና ነኝ ልበል። ጽሑፌ ከተንቀጠቀጠ ይቅር በይኝ፤ ከወንበሬ እንዳልነሳ ታዝዤ ነው የምጽፍልሽ።

ልጄ ታማለች። በስልክ ስትጠይቂኝ፣ ፈተና በዝቶባት ነው የከሳችው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ምሳዋን ለጎረቤት ውሻ እየሰጠች ባዶ ሆዷን ከርማለች። እኔ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ሰማያዊ ቀሚሷን አራት ጊዜ አጠበብኩላት። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጭራሽ ለደንበኞቼ፣ እዩልኝ ሸንቃጣዋን እያልኩ አዞራት ነበር! ትዝ ሲለኝ መርፌ የዋጥኩ ያህል ይወጋኛል።

ትምህርት ቤት ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ በዚህ ወር ክብደት ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች አለኝ። ጎረቤቴ ግን፣ "ቅብጠት ነው፣ ሲርባት ትበላለች" ትላለች። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነበብኩ፤ በሽታ ነው ይላል። ሐኪሙ ወደ እሷ የላከን የሥነ ልቦና ባለሙያም ይህንኑ ነገረችን። ለጊዜው መድኃኒቷ ምግብ ነው አለች፤ በቀን ሦስቴ አብራችሁ ብሉ፣ ከበላችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ማንም ከጠረጴዛው አይነሳ፣ ስለ ክብደትም አይወራ።

መጀመሪያ ቀን ባለሙያዋ ምሳችንን እዚያው ቢሮዋ፣ ፊቷ እንድንበላ አደረገችን። ልጄ ሹካዋን አስቀመጠችና፣ "እማዬ ትቅደም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም" አለች። አፌ እንደለመደው፣ "በልቻለሁ" አልኩ። ልጄ ሳቀች፤ "እኔም እኮ እንደሱ ነው የምለው!" ባለሙያዋ ለኔም ሳህን አቀረበችልኝ።

ላንቺም ያልነገርኩሽ አለ። ባለቤቴ በሞተበት ቀን፣ ነይ አብረን እንብላ ብሎ ለምኖኝ ነበር። አኩርፌው ስለነበር "በልቻለሁ" ብዬው ወጣሁ። ስመለስ ምግቡ እንደቀረበ ነው፤ እሱ ግን በሕይወት የለም።

ትናንት ልጄ ሳህኑን ወርውራ ጠላሁሽ አለችኝ። በሽታው ነው የሚናገረው የተባልኩትን ለራሴ እየደጋገምኩ ሌላ ሳህን አመጣሁ፤ እያለቀሰች በላች። በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ጨምራለች። ሰማያዊውን ቀሚስ ተርትሬ አሰፋሁት፤ ደግነቱ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩትም ነበር። የኔን ጥቁር ቀሚስ ግን ስንት ጊዜ እንዳጠበብኩት አትጠይቂኝ።

አሁን ፊት ለፊቴ ካርታ ትበውዛለች። ተነሽ ተነሽ ይለኛል፤ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ስፌት መኪና ላይ እንዳለ ይረግጣል። ዓይኔ በሩ ላይ ነው። እሷ ደግሞ እኔን ትጠብቃለች።

አንድ ሰዓቷ ሞላች መሰለኝ። የግድግዳውን ሰዓት አየችና፣ "አሁን መነሳት ትችያለሽ፣ እማዬ" አለችኝ።

ጤናውን ያብዛልሽ፤ የበላሽው ይስማማሽ።

ታናሽ እህትሽ