ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ስንት ነው?

ለተከበሩ የአገልግሎት ዋጋ ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እኔ በግሌ የምሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፈቃዴን ካገዱበት ሰኞ ጀምሮ በሙሉ ጤናና በሙሉ ዕረፍት ላይ እገኛለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ዕረፍት የሰጠኝ ሰው ስላልነበረ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አንደኛ፣ ያወጡት ታሪፍ እጅግ ያማረ ነው። ሶኬት መግጠም ይህን ያህል፣ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ያህል፣ አምፖል ይህን ያህል እያለ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል። ከመካከላችን ደንበኛ ሲያዩ ዋጋ የሚቆልሉ ስላሉ ሐሳቡን ከልቤ ደግፌው ነበር። ነገር ግን የተበላሸውን ፈልጎ ማግኘት የሚል መስመር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር፣ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል ብለው ጠሩኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ግድግዳውን በአፍንጫዬ፣ በእጄና በቴስተር ስመረምር ቆይቼ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ልባሱ ቀልጦ የተራቆተ ሽቦ አገኘሁ። ክንድ የማይሞላውን ቆርጬ ጣልኩ፣ በአዲስ ተካሁ፣ ግድግዳውን ደፈንኩ። አዲስ ሶኬት የለ፣ አዲስ አምፖል የለ፤ በታሪፍዎ ሲሰላ የዋልኩት በነፃ ነው። ዳይሬክተሯ አዘኑልኝና «ሦስት ሶኬት ገጠምኩ ብለህ ጻፈው፣ ማን ይቆጥረዋል?» አሉኝ። እኔ ግን ሞኝነቴ አልለቅ አለኝና ደረሰኙ ላይ ብልሽት ለመፈለግ ብዬ የሰዓቴን ዋጋ ጻፍኩ። ከታሪፍ ውጭ አስከፍለሃል ተብዬ ታገድኩ። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሦስተኛ፣ በግላችን የምንሠራ ሰዎች ዋጋ ስንተምን የሄድንበትን መንገድ፣ የሚያረጀውን መሣሪያ፣ ስልክ የማይጮኽበትን ሳምንት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው ግድግዳ መፈልፈል እንዳለበት ለማወቅ የፈጀብንን ዕድሜ አብረን እናስባለን። ደንበኛው መፍቻው ሲዞር ብቻ ቢያይ አልፈርድበትም። እርስዎ ግን ታሪፍ ሊያወጡ የተቀመጡ ሰው ነዎት፤ ሐቁን ልናገርና፣ ተናድጃለሁ።

አራተኛው አቤቱታ የእኔ አይደለም። በዚያው ክፍል በማዶው ግድግዳ ውስጥም ያው ያረጀ ሽቦ አለ፤ በሳምንቱ ልመለስበት ቀጠሮ ይዤ ሳለ እገዳዎ ቀደመኝ። በእኔ ምትክ የተጠራው ባለሙያ አስተዋይ ነው፤ ታሪፉን አንብቦ፣ ፍለጋ ውስጥ ሳይገባ፣ በዚያው ባረጀው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ አዲስ አምፖል ገጥሞ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ቆርጦ ሄደ። ክፍሉ በጣም ደምቋል፣ ሽታውም ተመልሷል። መስመሩ ተቋርጦ ክፍሉ ይዘጋ ብዬ ብለምንም፣ የዳይሬክተሯ አለቆች ፈቃዱ በታገደ ሰው ቃል ክፍል እንደማይዘጋ፣ ከእርስዎ ወረቀት መምጣት እንዳለበት ነግረዋቸዋል። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። እገዳዬ እንዳለ ይቆይ፤ ያንን አንድ ወረቀት ግን ይጻፉልኝ።

ለደንበኞች ደኅንነት ያለዎትን ጭንቀት በማድነቅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ፈቃዱ የታገደ፣ አፍንጫው ግን ገና ያልታገደ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ሳልረሳው፦ ልጆቹ የሚተኙት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደብዳቤዬን ከምሳ በፊት ቢያነቡት ደስ ይለኛል።