ልጄን ከመንገድ ላስቀረልኝ ሕክምና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአእምሮ ጤና ማዕከል ኃላፊ፣

ልጄ እንዳትሰማ ብዬ በአደራ የተናገርኩትን ቃል፣ ማዕከልዎ ለልጄ ነገረብኝ። ይህን ካልኩ ዘንዳ ሰላምታዬን ላቅርብ። እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ የእጅዎ ጽናት ሁሉ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ አንድ ቀን ቢታመሙ እዚያው እርስዎ ቤት መታከም ይመጣብዎታልና፣ ይህን በጠላቴም ላይ አልመኝም።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ለጥረዛ ከሚመጡልኝ መጻሕፍት ስለሆነ አጻጻፌ ቢሻክርብዎ ይታገሡኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። በልጅነቷ ከሥራ ቤቴ ወለል ላይ የካርቶን ቁርጥራጭ እየለቀመች ድልድይ ትሠራ ነበር። አደገችና መሐንዲስ ሆነች፤ በቅርቡም እውነተኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ሩቅ አገር ሊወስዳት ቀጠራት። እኔም ያለ ማመንታት «ሂጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» አልኳት። አፌ እንዲህ ሲል እጄ እምቢ አለ። ብሩሹን ኮላ ውስጥ ስነክር ይንቀጠቀጥ፣ ደረቴ ይጠብ፣ ልቤ እንደሚያሳድዱት ሰው ልብ ይደልቅ ጀመር። ሐኪም ፍለጋ የወጣሁት እሷ ሳታውቅ እንድድንና ያለ ሐሳብ እንድትሄድ ነበር። የሆነውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። ወደ እናንተ ከመድረሴ በፊት የሠፈራችን ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ የሚታኘክ ኪኒን ሰጠኝ፤ ሌላው ደግሞ «አባባ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። ይህ እናንተን አይመለከትም። ያነሣሁት እነዚያ ሰዎች ከእናንተ እንደሚሻሉ እርስዎ እንዲያውቁት ነው፤ ሕመሜ ባይገባቸውም ለሌላ ሰው አላወሩብኝም።

ሁለተኛ። በርዎ ላይ የቆመው ጥበቃ «አባባ፣ በሽተኛው የታል?» ቢለኝ «ይኸው ቆሞልሃል» አልኩት፤ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሁሉ ሳቁ። ቅር አላለኝም። በግቢዎ ውስጥ እኔን ስለ ራሴ በቀጥታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነውና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ቢቻል ከበር አንሥተው ወደ ውስጥ ያስገቡት።

ሦስተኛ። የመደባችሁልኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ትሕትናው ለጉድ ነው። በተነሣሁ ቁጥር ይነሣል፣ ባሳልኩ ቁጥር ውሃ ይቀዳል፣ ስለ ጉልበቴና ስለ ዝናቡ ደጋግሞ ይጠይቃል። ስለ ፍርሃቴ ግን ትንፍሽ አይልም። ለካስ አባቱን የሚያህል ሰው «ምን ያስፈራዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎት ኖሯል። ነውር ከመሰለው ወንበሩን ለምን እንደያዘው እርስዎ ያውቃሉ። በመጨረሻ እኔው አፈርኩለትና ዕድሜ ልኬን ለማንም ያላልኩትን አወጣሁት፤ «ልጄ ስትሄድ እዚያ ቤት ብቻዬን መሆን ያስፈራኛል፤ እሷ ግን እንዳትሰማ» አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

አራተኛ። ካርድ ክፍል ያሉት፣ ድንገት ብወድቅ የሚጠራ ሰው ስልክ ሲጠይቁኝ የልጄን ሰጥቼ ነበር። አልወደቅኩም፤ ባለሙያዎ ግን ደወለላት። በተከታዩ ቀጠሮዬ በሩን ስከፍት በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ እንደሌለሁ ሁሉ፣ «አባባ እኮ አንቺ ስትሄጂ ብቻቸውን መቅረት ይፈራሉ፤ ያልነገሩሽ አፍረው ነው» አላት። ይህን ሁሉ ሲል አንቱታውን አንዲት ጊዜ እንኳ አልሳተም። ልጄ አላለቀሰችም። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ከፈተች። በማግሥቱ ለድርጅቱ «አልመጣም» ብላ ጻፈች።

አሁን ውሃ ያመጣችልኝ መስላ ወደ ሥራ ቤቴ ትመላለሳለች፤ የምታየው ግን እጄን ነው። «ሂጂ ብያለሁ!» ብዬ ስቆጣ «እሺ አባዬ» ትለኛለች። ሕፃን እንደሚያባብሉ እሺ ትለኛለች።

አምስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ተቀመጥኩ። እጄ መንቀጥቀጡን ትቷል። አልሄድም ካለችበት ዕለት ጀምሮ ደረቴ ተከፍቷል፤ እንደ ጎረምሳ እተኛለሁ። ባለሙያዎ ይህን ሲሰማ «የቤተሰብ ድጋፍ ውጤት ነው» ብሎ ፊቱ በራ። የልጄ መቅረት ሰውነቴን ደስ እንደሚያሰኘው ሳላውቅ መሞት እችል ነበር። አሳወቃችሁኝ፤ ውለታችሁን የምከፍልበት ቃል የለኝም።

ድርጅቱ ቦታውን ገና ለሌላ አልሰጠም፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ቶሎ አሳውቂን ብሏታል። ስለዚህ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ «አባትሽ ድኗል፣ ብቻውን መኖር ይችላል ብላችሁ ንገሩልኝ፤ እኔን አታምነኝም» ብዬ ለመንኩዎ። ለምኜ አላውቅም። እርስዎም ከወንበርዎ ብድግ ብለው፣ ማዕከሉ ያልተረጋገጠ ነገር እንደማይናገርና የሙያ ሥነ ምግባር እንደሚያግድዎ በጨዋ ቋንቋ አስረዱኝ። እውነቴ ያለ ፈቃዴ ሲወራ የት ሄዶ የነበረ ሥነ ምግባር እንደሆነ ለመጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን በሩን ከፍተው ይዘውልኝ ስለነበር ወጣሁ።

እንግዲህ ምስጢሬን ሰው ሁሉ ካወቀው፣ የቀረውን እኔው በአደባባይ ልናገር፤ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣም ሰጥቻለሁ፣ ልጄም ጋዜጣ ታነባለች። ልጄ ሆይ፣ ሂጂ። እጄ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጥቀጥ፤ ጥርዙ ይጣመም ይሆናል እንጂ መጽሐፉ አይበተንም። ብትሄጂ በስልክ አወራሻለሁ። ብትቀሪ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽም ድምፄን አትሰሚም። እንደማደርገው ታውቂያለሽ።

ጉልበቴን ስለጠየቃችሁልኝ፣ ውሃ ስለቀዳችሁልኝ፣ ፍርሃቴን ከእኔ ወስዳችሁ ለልጄ ስላሸከማችሁልኝ እጅ ነሥቻለሁ፤

በታላቅ አክብሮት፣
ቆሞ ሳለ የተወራበት መጽሐፍ ጠራዥ

ማሳሰቢያ፦ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ እንዳይባክን ስልክ ያለው ዘመድ ለሌለው ሰው ይስጡልኝ፤ ማዕከልዎ ምስጢር ሊጠብቅለት የሚችለው እንዲህ ላለው ሰው ብቻ ነው። እኔ ስለዚህ ነገር ከእናንተም፣ ከጎረቤትም፣ ከልጄም ጋር ከዛሬ ወዲያ አልነጋገርም። የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ጨጓራ ነው እላለሁ።