ሁለት ፊደል ላይ የቆመው ቃል

ረቡዕ፣ የካቲት 6

አለቃዬ፣ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው፣ ምንም አልጎደለበት።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይኝ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ሳሎን ሆኜ ባስነጥስ እናትሽ መኝታ ቤት ትሰማኛለች። በደወልሽ ቁጥር «ሁሉም ደህና ነው» የምልሽ እሷ እየሰማችኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ጽሑፌ ከተንጋደደ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።

እሁድ ስትደውዪ «እማዬ በማሽኑ ታናግረኝ» ብለሽኝ «ተኝታለች» አልኩሽ። አልተኛችም ነበር። የተኛው በዓይኗ የምትጽፍበት ማሽን ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ባለፈው ሐሙስ ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣ። ደረቷን አዳመጠ፣ ጣቷ ላይ ያቺን ቆንጣጭ መሣሪያ አደረገና ቁጥሩን አየ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የተናገረው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው፤ ለዚህም ነው የምወደው። እንደ እጅና እግሯ፣ እንደ ምላሷ ሁሉ የመተንፈሻ ጡንቻዎቿም እየሰነፉ እንደሆነ ነገራት። ጉሮሮዋ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በመተንፈሻ ማሽን መኖር ይቻላል። ያንን ካልፈለገች ደግሞ ሳትጨነቅና ሳትታመም እንድትሄድ እንደሚረዳት ነገራት። «ሁለቱም የእርስዎ መንገድ ነው፤ ማንም አይመርጥልዎትም። ያስቡበትና ማክሰኞ እመለሳለሁ» ብሏት ወጣ።

በነጋታው ጠዋት ፊቷን አጥቤ ትራሷን ሳስተካክል ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ሄደ። አንቺ እንደገጠምሽላት ነው አሁንም፤ ከሥር ያለችው ካሜራ ዓይኗን ትከተላለች፣ ፊደሉ ላይ ትኩር ስትል ይጻፋል። ልትመልስ ነው ብዬ ፎጣውን እንደያዝኩ ቆምኩ። መጀመሪያ «አ» መጣ። ከዚያ «ል»። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

አል። እስቲ በይ ልጄ፣ «አል» ብሎ የቆመ ሰው ቀጥሎ ምን ሊል ነበር? አልፈልግም? አልችልም? አልፈራም? እንደገና ሳበራው «ካሜራው አልተገኘም» ይልና ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል። አጥፍቼ አበራሁ። ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ። ለመንኩት። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብዬ «እባክህ» አልኩት።

እንደ ድሮው በዓይን ጥቅሻ ትመልስ ትይኝ ይሆናል። የዓይኗ ቆብ እንኳ አሁን አይታዘዛትም፤ ሳትፈልግ ይወርዳል። «ቀዳዳው እንዲሠራልሽ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት፣ ጨፈነች። «አትፈልጊም?» አልኳት፣ ጨፈነች። «እሺ፣ አዎ ከሆነ ወደ ላይ እዪ» አልኳት።

«ታች ነው ያየችው!» አለች አክስትሽ። «በቃኝ ነው የምትለው። እህቴን እኔ ነኝ የማውቃት።»

«ወደ ላይ ነው» አልኳት።

«አንተማ የምትፈልገውን ነው የምታየው።»

ያየሁት የፈለግሁትን ይሁን የፈራሁትን አላውቅም። ከዚያ ወዲያ እኔና አክስትሽ በአንድ ቤት ውስጥ ላለመተያየት ስንሽሎከለክ ሰነበትን።

ቅዳሜ ደግሞ አለቀሰች። እንባዋ በጉንጯ ቁልቁል ይወርዳል፣ ምን እንደሆነች ማወቅ አልቻልንም። ገለበጥናት፣ ውሃ አቀመስናት፣ ብርድ ልብስ ጨመርን፣ ቀነስን። ስንት ነገር ሞክረን ሞክረን ለካ ጆሮዋ ትራሱ ሥር ታጥፎ ነው! ግማሽ ቀን ሙሉ በታጠፈ ጆሮ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገባሁና እንዳትሰማኝ ቧንቧውን ከፈትኩ።

ለማሽኑ ሻጮች ዓርብ ዕለት ደውዬ ነበር። አንድ ልጅ እግር ድምፅ አነሳው። «ፈርምዌሩ አርጅቷል አባት» አለኝ።

«እሱ ደግሞ ማነው?» አልኩት።

አልሳቀብኝም፣ ይባረክ። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይነሳ መጀመሪያ የሚያነበው የውስጥ ትዕዛዝ ነው አለኝ። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ አዲስ ፕሮግራም ጭኗል፤ ካሜራውና አሮጌው ትዕዛዝ ከዚያ ወዲህ አልተግባቡም። ስለዚህ ትዕዛዙ መታደስ አለበት፤ እሱን ለማደስ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት፣ ቡታብል የሚባል ዲስክ መሥራት ያስፈልጋል። ፋይሉ ድረ ገጻቸው ላይ አለ።

«ሰው ላኩልኝ» አልኩት።

«በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ እንሞክራለን።»

«እስከዚያ ሚስቴ ምን ትሁን?»

የድረ ገጹን አድራሻ በመልእክት ላከልኝ። ከዚያ በላይ ምን ያድርግ?

ፋይሉን በስልኬ አወረድኩ፤ የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፕ ላይ ፍላሽ ዲስክ ሰክቼ ገለበጥኩ። ዘፈን እንደምገለብጠው። ማሽኑ ላይ ስሰካው ዘወር ብሎም አላየው። ቅዳሜ እንደዚያ፣ እሁድ እንደዚያ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን የሚያክል የአውቶቡስ መሪ ስጠመዝዝ የኖርኩ ሰውዬ አንዲት ጥፍር የምታክል ፍላሽ በደንብ መሰካት አቃተኝ፤ ሁልጊዜ ገልብጬ ነው የምሰካት። አንቺ በደወልሽ ጊዜ ፍላሿ እጄ ላይ ነበረች። ልጠይቅሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አዲስ ሥራ ላይ ነሽ፣ ገና ፈቃድ የማይሰጡሽ ሰዎች መካከል ነሽ፣ ሰምተሽ ምን ታደርጊ ብዬ ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት ለሐኪሙ ደወልኩ። ይህን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። «ማሽኑ አልሠራም ዶክተር። በቃኝ የምትል ይመስለኛል» አልኩት።

«ይመስለኛል አይበቃም አባት» አለኝ። «ከራሷ ካልሰማሁ አልቀበልም። ነገ እመጣለሁ፤ መልስ ባይኖራትም እመጣለሁ። ደረቷ ግን ብዙ አይጠብቀንም።»

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። መንገድ ዳር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ጋ ስደርስ ቆምኩ። ባለቤቷን ታስታውሻታለሽ፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ በማባዣው ቀለም ጥቁር ስለሆኑ ሰፈሩ በቀለሙ ስም «ቶነር» የሚላት። ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ጉርድ ፎቶ ያሳጥባል፣ አንዷ የትምህርት ማስረጃ ታስገለብጣለች። እኔ ሰልፉን አልፌ ፍላሿን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና «እባክሽ» አልኩ። የተሰለፉት አንጎራጎሩ፣ ከዚያ ፊቴን አይተው አሳለፉኝ።

ቶነር ፍላሿን ሰክታ አየቻት። «ጋሼ፣ ይሄንን እኮ ገልብጠውታል እንጂ አልሠሩትም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፋይሉ ውስጡ አለ። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ነገር ግን የለም።»

«ተሳፋሪ ሞልቶ ሹፌር የሌለው አውቶቡስ በይኛ።»

«እንደሱ ይበሉት» ብላ ሳቀች። «የማሽኑ ሞዴል ምንድን ነው?»

«ጥቁር ነው» አልኳት።

ልጄ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሰልፉ ሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እየሮጥኩ ቤት ሄጄ፣ ማሽኑን ገልብጬ ከጀርባው የተለጠፈውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። ይኸውልሽ፣ ያወረድኩት ፋይል ራሱ የሌላ ሞዴል ነበር። ማሽኑ እንኳንም እንቢ አለኝ። ቶነር ትክክለኛውን ፈልጋ አወረደች፣ ፍላሿን ሙልጭ አድርጋ አጥፍታ፣ በራሷ እንድትነሳ አድርጋ ሠራቻት፣ ፋይሉን ጫነችባት፣ በራሷ ኮምፒውተር ላይም ሰክታ መነሳቷን አየች። «ነገ ሱቄን ዘግቼ አብሬዎት እመጣለሁ» አለችኝ። «ይሄ ነገር ብቻዎትን የሚሠሩት አይደለም። አንዴ ከጀመረ መሃል ላይ መብራት ከጠፋበት ዕቃው ግንድ ሆኖ ይቀራል።»

ትናንት ከምሳ በኋላ መጣች። የማሽኑ ባትሪ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል፤ ካልተሰካ አይሠራም። ከአልጋው አጠገብ ያለው ሶኬት ደግሞ ልል ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ አስተካክልልሻለሁ ብዬ ለእናትሽ ስንት ጊዜ ቃል የገባሁበት። አክስትሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና መሰኪያውን በመዳፏ ግድግዳው ላይ ደግፋ ያዘችው። «ጀምሩ» አለች። ከዓርብ ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ቶነር ማሽኑን እያበራች አንዷን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ ፍላሿን መረጠች። አንድ መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። እናትሽ ዓይኗን መስመሩ ላይ ተክላለች።

ግማሹን ሲያልፍ አነቃት።

አክታ ነው። ፊቷ ጠቆረ፣ ጉሮሮዋ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ይንኮሻኮሻል። ወደ ጎን አዞርኳት፣ በእጅ የሚጨመቀውን መምጠጫ ሞከርኩ፣ አልደረሰም። የመብራቱን መምጠጫ መክፈት አለብኝ። እሱ ደግሞ ሲነሳ ጉልበት ይስባል፤ ከዚህ በፊትም የቤቱን መብራት ድርግም አድርጎብን ያውቃል። ቶነርን አየኋት፣ አቀረቀረች። እናትሽን አየኋት። ዓይኗ አሁንም መስመሩ ላይ ነው። ልጄ፣ እኔን አላየችኝም። መስመሩን ነው የምታየው።

«ይጥፋ!» ብዬ ጮህኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ከፈትኩት።

መብራቱ ደበዘዘ። ስክሪኑ ተርገበገበ። አክስትሽ ዓይኗን ጨፍና መሰኪያውን በሁለት እጇ ተጭናለች፤ ክብደቷ መብራቱን የሚያቆመው ይመስል። መምጠጫው እያጓራ አክታውን ሳበው። እናትሽ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። መብራቱ ተመለሰ። መስመሩ ትንሽ ቆሞ የነበረ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀጠለ፤ ሞላ። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ራሱን አበራ፣ ካሜራዋም አረንጓዴ ሆነች።

ቶነር በጥቁር ጣቷ አፍንጫዋን ጠረገችና ፊቷ ላይ መስመር ቀረ።

ሐኪሙ የደረሰው እናትሽ ትንሽ ካረፈች በኋላ ነው። ወንበሩን ሳበና «እየሰማሁ ነው» አላት። «አ» ጻፈች። «ል» ጻፈች። አክስትሽ እጄን ያዘችኝ። እኔ በልቤ «ፈ» ይመጣል፣ «ፈ» ይመጣል እላለሁ። ዓይኗ ፊደሉን አንድ በአንድ እያለፈ ሄደና «ደ» ላይ ቆመ።

አልደከመኝም።

እንዲህ ነው የጻፈችው። ከዚያ ቀጥላ «ክፈቱልኝ» አለች፤ ጉሮሮዋን ማለቷ ነው። ሐኪሙ እጇን ጨበጠ። አክስትሽ ያን የሚያህል ሰውነቷን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደቀችና የእህቷን እግር እየሳመች «ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» ማለት ጀመረች። እኔ ቆሜያለሁ። ለሐኪሙ ሰኞ በስልክ ያልኩትን አስባለሁ። እሱም ያስታውሳል፣ ግን ዓይኑን ወደኔ አላዞረም።

አልጨረሰችም ነበር። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፣ ሁላችንም ጠበቅን። «አንተ ግን ደክሞሃል» የሚል መጣ።

«እኔ? እኔ ምን ሆኜ! በደንብ ነው ያለሁት» አልኳት። ሳቅ ብዬ ነው ያልኳት። ቶነር ፍላሿን ነቅላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ሳትሰናበት ወጣች።

ቀዶ ጥገናው ዓርብ ነው። ሐኪሙ አደጋ የለውም አላለም፤ አይቻለሁ፣ ይህ ሰው የሌለውን አይናገርም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገቧ ነቅቶ መኖር አለበት ብሏል። እኔና አክስትሽ እንፈራረቃለን፣ አታስቢ። ያዞረኛል ብዬሽ የነበረውም ተሽሎኛል፤ አልፎ አልፎ ነው እንጂ እንደ በፊቱ አይደለም። ወንበር ላይ ሆኜ ነው የማንቀላፋው፣ እሱም ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ።

ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ስምሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። አለቆችሽ ይውደዱሽ፣ እጅሽ የነካው ይቃናልሽ፣ እንጀራሽ በሰላም ይሁን። እናትሽ ይህን መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ «ልጄን አታስደንግጥብኝ» ትለኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ማለት ትችላለች።

ነይ ብዬ አልጽፍልሽም። ሥራሽ ገና ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። የአልጋሽን አንሶላ ግን ዛሬ ጠዋት ቀየርኩት። እንዲሁ ነው፤ አቧራ ይዞት ነበር።

አባትሽ