የመጨረሻዋ ስቱድቤከር በር

ሃሚልተን፣ ካናዳ፣ ማርች 17 ቀን 1966

ወንድሜ ዜኖን፣

እንደምን ከረምክ? ድንበር ተሻግሬ መጥቼ ዛሬ የመጨረሻዋ ስቱድቤከር መኪና ከዚህ ፋብሪካ ስትወጣ አየሁ። በአያቶቻችን ዘመን በፈረስ ጋሪ የተጀመረው ስም እዚህ አበቃ። አሜሪካ ያለው የእኛው ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራው ወደዚህ ሲዛወር «ካናዳዎቹ እንጀራችንን ወሰዱብን» እያልን ስንረግማቸው አልነበር? ይኸው እነሱም እንደኛው ሥራ ፈቱ።

ውጭ ቆሜ ሳለ ኤድና የምትባል የፋብሪካው የመኪና መቀመጫ ልብስ ሰፊ አሮጊት «ከየት ነህ?» አለችኝ።

«ከሳውዝ ቤንድ። እዚያ ስቱድቤከር ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና በር ገጣሚ ነበርኩ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሃል? የኛው ሰው አይደለህ እንዴ!» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ።

የመጨረሻዋ መኪና መጥታ ቆመች። ኤድና ወደ እኔ ዞራ «በሩን አንተ ዝጋው» አለች። እኔና አንተ በአገራችን የተሠራችውን የመጨረሻዋን ሳናያት ነው የተበተንነው። ቀስ አድርጌ ገፋሁት፤ ልክክ ብሎ ገጠመ። ከዚያ በኋላ የማንንም ፊት ማየት አቃተኝ።

አሁን ኤድና ቤት እራት ተጠርቼ እየሄድኩ ነው። ፖስታ ካርዷ ሞላች፤ ባለቤትህን ስቴላንና ልጆቹን ሳምልኝ። ዜኖን፣ ከእንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ላይ ክፉ አንናገር።

ካሲሚር