ከጋሽ ዳኛ አልጋ አጠገብ ያለው የለስላሳ ሣጥን

ወደ ሕይወት ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ቤተሰቡ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለው፦ ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን አሮጌ የእንጨት የለስላሳ ሣጥን ማንም እንዳይጥል፣ እንዳይማግድ፣ ጫማም እንዳያስቀምጥበት።

ሁላችንም ጋሽ ዳኛ የምንላቸው አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ከሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና የሰባት ወር ፅንስ ሳሉ ተወለዱ። እናታቸው «ይህ ልጅ ሆዴ ውስጥ እንኳ አርፎ አልተቀመጠም» ይሉ ነበር። እንደዚያው እየተቁነጠነጡ ሕግ ተምረው በሃያ ስምንት ዓመታቸው ዳኛ ሆኑ። በሠላሳ ዓመታቸው መምህርት ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ሰው በመግደል የተከሰሰ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀረበላቸው። የጊዜው ሕግ፣ ነፍስ ያጠፋ ልጅ እንደ አዋቂ ይቀጣ ይል ነበር። ልጁ ከተከሳሽ መቆሚያው አጥር በላይ አልታይ ስላለ ፖሊሱ የለስላሳ ሣጥን አምጥቶ ላዩ ላይ አቆመው። ጋሽ ዳኛም ሃያ ዓመት ፈረዱበት።

ከዚያ ወዲህ እግራቸው አላረፈም። ሣጥኑን ለምነው ቤት ወሰዱት፤ የሳሎኑ ምንጣፍ በመንጎራደዳቸው ሳሳ። በአራተኛው ዓመት ወንበራቸውን ለቀው፣ ጠበቃ ሆነው፣ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብለው አመለከቱ። ልጁ ውክልናውን የፈረመላቸው ፊታቸውን ሳያይ ነው። የሥራ ባልደረባቸው «አንተ ሰው፣ የገዛ ፍርድህን ትከሳለህ?» ቢሏቸው «የራሴን ትቼ የማንን ልክሰስ?» አሉ። የተገደለው ሰው እናት መንገድ ላይ ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ጋሽ ዳኛም «እውነታቸውን ነው» ብለው አለፉ።

ክርክሩ አምስት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሣጥኑን ችሎቱ ፊት አስቀምጠው «ክቡራን ዳኞች፣ ሕገ መንግሥታችን ልጅን ከአዋቂ ለይታችሁ ያዙ ይላል። ይህ ልጅ አዋቂ ከነበረ፣ ይህ ሣጥን ምን ሊሠራ መጣ?» አሉ። በአራት ድምፅ ለሦስት ተረታ ሕጉ። ልጁም ቅጣቱ በልጅ ልክ ተቀንሶለት ተፈታ። እስር ቤት በተማረው ሙያ አናጢ ሆነ።

ጋሽ ዳኛ በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲማቅቁ አናጢው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሣጥኑ ላይ ይቀመጥ ነበር። «ይቅር ብለኸኛል?» ሲሉት «ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ» ይላቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ፈጣሪ በዕድሜያቸው ሙሉ ያላገኙትን ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አናጢውን «ይቅር ብሏቸዋል ብለን እንጻፍ?» አልነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር ብላችሁ ጻፉ» አለን። «ለምን እንደሆነ አልናገርም።»