ካርታዬ ያላያቸው አስቀዳሾች

እሑድ
በንጋት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነበች! አክስቴ እሑድ ጠዋት ደውለው አያውቁም፤ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ናቸው። «መንገዱን አጨለሙብን! ከግማሽ መንገድ ተመለስኩ። ከእንግዲህ አልሄድም፤ በዚህ ዓይኔ ቦይ ውስጥ ልግባ?» አሉ። ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር ውስጥ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የቦይ ዳር መንገድ ነው የሚሉት። «አይዞዎት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መብራቱን ያደበዘዝኩት እኔ ነኛ!

ሰኞ
ከምኖርበት ከራይስዋይክ እስከ ሮተርዳም ባቡር ውስጥ ስብሰለሰል መጣሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፦ ማዘጋጃ ቤቱ ከስልኮች ምልክት የሰዉን እንቅስቃሴ ይሰበስባል፣ እኔ ካርታ አደርገዋለሁ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት የመንገድ መብራት ይደበዝዛል። ባለፈው ሳምንት ተጨብጭቦልኛል እኮ! ካርታውን ከፈትኩ። እሑድ ንጋት፣ ቦይ ዳር፦ ባዶ። አንድ ነፍስ የለም። ያ ሁሉ አስቀዳሽ የት ገባ? ቀኑን ሙሉ ስህተት ፈለግሁ፤ አጣሁ። አለቃዬ ማርላይን «ዳታው ሰው የለም ካለ የለም» አለችኝ። ተናደድኩ።

ረቡዕ
እትዬ ጋ እራት። ሽሮ፣ ወቀሳ፣ እንደገና ሽሮ። ወሬ ለማስቀየር «ቅዳሜ ማታ ስደውል ለምን አያነሱም?» አልኳቸው።
«ለእሑድ ቅዳሴ ከማታው ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ነዋ! የአንዱ ስልክ ቅዳሴ መሀል ጮኾ አባ ከተቆጡ ወዲህ ማን ይዞ ይወጣል? ሁላችንም ቤት ነው የምንተወው።»
የጎረስኩት ትን አለኝ። ለካ ስልክ ያልያዘ ሰው ለካርታዬ ሰው አይደለም! ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ይሄን ልጅ ምን ነካው?» አሉ።

ሐሙስ
ለማርላይን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ትታ ጠየቀችኝ፦ «ሌላስ ማንን አላየንም?» እሑድ ራሷ ቆማ ልትቆጥር ነው፤ ሰው ካለ መብራቱ ይመለሳል። እትዬ ደግሞ «መብራት ሳይበራ ንቅንቅ አልልም» ብለዋል። እንግዲያው ስልክ ይዘው ይውጡ ብላቸው፦ «ሞቼ ነው!» እሳቸው ከቀሩ ጓደኞቻቸውም ይቀራሉ። ጨነቀኝ።

እሑድ
ለመንኩ፣ ቆጣም አልኩ። በመጨረሻ ክንዴን ይዘው ወጡ። ጨለማ፣ ብርድ፣ መንገዱ ሁሉ ነጠላ በነጠላ። ከጓደኞቻቸው አንድም አልቀረ። ማርላይን ጥግ ላይ ቆማ በጣቷ ትቆጥራለች። እትዬ «ይቺን ልጅ ብርድ ፈጃት!» ብለው ሻርፓቸውን ደረቡላት፤ ሦስቴ ሳሟት። ቁጥሩ ጠፋባት። እየሳቀች «በቃ፣ አየሁ» አለች።

እሑድ፣ በሳምንቱ
መብራቱ ዓርብ ተመልሷል። ግን እትዬ ብቻቸውን ይደፍሩ ይሆን? አላስቻለኝም፣ በንጋት ደወልኩ።
ስልካቸው ዝግ ነው። ተመስገን!