ባዶ ስለተመለሱልኝ የችፕስ ከረጢቶች

…ጠቆር ጠቆር ያሉትን ከከረጢቱ ሥር እየተወ «ይኼ ያንቺ ድርሻ ነው» ይለኝ ነበር፣ ባለቤቴ ብዙአየሁ። አረር ያለ ችፕስ እንደምወድ ያውቃል። ወይም ያውቅ ነበር። የትኛውን ልጻፍ?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ።

ለተከበሩ ጓድ የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ፣
አዋሳ።

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ልጆችዎ ደኅና ናቸው? እንቅልፍዎስ? የእርስዎ ጤና የብዙ ሰው ጤና መሆኑን በደጅዎ ስንቅ ይዘን የምንሰለፍ ሴቶች ስለምናውቅ፣ ስለ እርስዎ ሳንጸልይ አንውልም። ጸሎት ማለቴን እንደ ጥፋት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ ባለቤቴም የተወሰደው ጎረቤት ሰብስቦ ቤታችን ውስጥ ሲጸልይ ተገኝቶ ነው።

እኔ ድንች በስሱ ቆርጬ፣ ጠብሼ፣ በላስቲክ ከረጢት ሞልቼ፣ አፉን በሻማ እሳት አጣብቄ ፒያሳ ለሙክታር ሱቅ የማስረክብ ሴት ነኝ። ሐይቅ ዳር ለመናፈስ የሚወጣ ሁሉ ይበላዋል። እርስዎ ግቢም እንደሚወደድ ዘግይቼ ተረዳሁ። የምስጋናዬ ዝርዝር ይህ ነው፦

፩. ጠባቂዎችዎ እጃቸውን ወጥ ውስጥ እየከተቱ ሲፈትሹ ስላየሁ፣ ለባለቤቴ ስንቅ ችፕስ መረጥኩ። የታሸገ ነገር ሰው አይነካውም ብዬ ነበር። እነርሱ ግን እያንዳንዱን ከረጢት ቀደው የተደበቀ ወረቀት እንደሌለበት አረጋገጡ። አብዮቱ ከድንችም ቢሆን ሊጠበቅ እንደሚገባው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. ባዶው ከረጢት ሳይጠፋ ስለተመለሰልኝም አመሰግናለሁ። የደጅዎ ወግ ነው፤ ዕቃው ባዶ ከተመለሰ ሰውየው አለ፣ በልቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉት ከሥር ተርፈው ይመጡልኝ ነበር። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ እበላቸው ነበር። ከዚያ ከረጢቱ ሙልጭ ብሎ ይመለስ ጀመር። ደስ አለኝ። ርቦታል፣ ይብላ አልኩ። ድንች ጨመርኩ። ጎረቤቴ ሮማን «ባልሽ እዚያ ወፈረ በይኛ» ብላ ስትቀልድብኝ ሳቅሁ። ያን ሳቅ አሁን የት ላድርገው?

፫. ባለፈው ሐሙስ በር ላይ አዲስ ጠባቂ ቆሞ ነበር። ገና ያልለመደ፣ ትሑት ሰው። የባለቤቴን ስም መዝገቡ ላይ ተሰርዞ አገኘውና «እትዬ፣ ይኼ ሰው እኮ እዚህ የለም። ከፋሲካ በፊት ነው የወጣው» አለኝ። ወዴት ብለው አላወቀም። ከኋላው ሌላው ጠባቂ «አንተን ማን ተናገር አለህ?» ሲለው ሰማሁ።

አሁን ክረምት ነው። ከፋሲካ ወዲህ ችፕሱን ሲበላ የከረመው አፍ የማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ምግብ ነው፣ ይስማማው። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብዙአየሁ የት ነው? ካለ፣ ስንቁን ወዴት ልውሰድለት? ከሌለም ይነገረኝ። እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ጠዋት ስነሳ ጥቁር ልልበስ ወይስ ድንች ልላጥ አላውቀውም። እጄ ግን ቀድሞኝ ይልጣል።

ለእርስዎ ዕድሜና ጤና፣ ለልጆችዎም አባታቸው በየማታው የሚመለስበትን ቤት ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

ማረፊያ ቤትዎን ሳታውቅ ስትቀልብ የከረመች፣
ታቢታ ወልደጻድቅ

የረሳሁት፦ ግልባጩን ማንም እንዲያነበው በገበያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የጠባቂዎችዎ ቁጥር ጨምሮ ከሆነ ይነገረኝ፤ ሳይጠግቡ ቀርተው እንደሆነ ይከነክነኛል። ይህን የመጨረሻውን የምጨምረው ደብዳቤውን ይዤ መጥቼ ደጅዎ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠባቂው ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የባለቤቴን ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት። ወደ ውስጥ ዞሮ ከማላየው ሰው ጋር በዝግታ ተነጋገረ። ከዚያ ትንሽ አየኝና በሩን ዘጋው።